በጆርጂያ ስለ ተቋቋመው የኮይኖኒያ እርሻና በፈቃዳቸው እየመጡ ስለ ሠሩበት ሰዎች

(በሬዲዮ የተነገረ የታሪክ ንግግር)

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ታሪክ የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም፤ የነገሥታትም የዘር ሐረግ አይደለም። የአንድ እርሻና የአንድ የምሳ ገበታ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ስለዚሁ ገበታ ሲባል ድማሚት ፈንድቷል፤ በሌሊት ጥይት ተተኵሷል፤ ነጋዴዎች ለአንድ እርሻ ሰዎች ምንም ነገር ላለመሸጥ አድመዋል፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያንም ምእመናኗን ከመዝገቧ ፍቃለች። ያ ገበታ ሳይነሣ የቀረው የእርሻው ሰዎች ጽኑዓን ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ከሩቅ እየመጡ፣ ያለ ደመወዝ ጥቂት ወራት ሠርተውና ተምረው የሚመለሱ እንግዶች ስለ ደገፉትም ጭምር ነው። የነዚህ እንግዶች ስም በታሪክ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ የዛሬው ንግግራችን ግን ወደ እነርሱ ያዘነብላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደ ሆኑ ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ቦታው በአሜሪካ ደቡባዊ ምሥራቅ በሚገኘው በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ ሳምተር በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ አሜሪከስ ከምትባለው ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው። አገሩ ቀይ አፈር ያለበት፣ ጥጥና ኦቾሎኒ የሚበቅልበት፣ በጋው ብርቱ ሙቀት የሆነ አገር ነው። የባርነት ቀንበር በ1865 በሕግ ቢሰበርም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ልማድ ከቀንበሩ እምብዛም የሚቀል አልነበረም። ጥቁሩ ገበሬ በአብዛኛው የራሱ መሬት የለውም፤ በነጩ ባለ መሬት ማሳ ላይ አርሶ ምርቱን ይካፈላል፤ ዘሩንና ስንቁን በዱቤ ይወስዳል፤ በመከር ጊዜ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ብዙውን ጊዜ ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመቃብሩ ስፍራ ሳይቀር የተለያየ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ሥራው አለመለየቱ ነው። ነጭና ጥቁር በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ሊያርሱና ሊያርሙ ይችሉ ነበር። ልዩነቱ የሚገለጠው ቀትር ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ነጩ ወደ ገበታ ይቀርባል፣ ጥቁሩ ድርሻውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። እንግዲህ የዚያ አገር ሥርዓት የቆመበት ምሰሶ ማሳው ሳይሆን ማዕዱ ነበር ማለት ነው። አብሮ መቍረስ ምን ያህል ትርጕም እንዳለው ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ክላረንስ ጆርዳን በዚሁ በጆርጂያ፣ ታልበተን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1912 ተወለደ። ቤተ ሰቡ ኑሮው የተደላደለ ነበር። የአውራጃው እስር ቤት ከቤታቸው አጠገብ ስለ ነበረ ልጁ እስረኞቹን እየጐበኘ አደገ። አንድ ሌሊት ከወህኒው የሥቃይ ጩኸት ሰማ፤ የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ በድምፁ ለየ፤ የሚያሠቃየውም የወህኒው አዛዥ መሆኑን ተረዳ። ይህን አዛዥ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ስለ ፍቅር ሲዘምር ልጁ በዐይኑ አይቶት ነበር። ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም። ስለዚህ ካደገ በኋላ ድኾች ገበሬዎችን በአዲስ የእርሻ ዘዴ ልርዳ ብሎ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1933 በእርሻ ትምህርት ዲግሪውን ተቀበለ። ነገር ግን በሽታው የዘርና የማዳበሪያ ጕድለት ብቻ እንዳልሆነ ስላመነ፣ ወደ ኬንታኪ ክፍለ ሀገር ሄዶ በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የባፕቲስቶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት አዲስ ኪዳንን በጽርእ ቋንቋው አጥንቶ ዶክተር ተባለ።

በዚያም ከማርቲን ኢንግላንድ ጋር ተገናኘ። ኢንግላንድ በበርማ አገር ሚሲዮናዊ ሆኖ የቈየ ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው፣ ከፍሎረንስና ከሜብል ጋር ተመካክረው፣ ንብረት የጋራ የሚሆንበት፣ በዘር ልዩነት የማይደረግበት፣ ጦር መሣሪያ የማይነሣበት የእርሻ ማኅበር ለማቋቋም ወሰኑ። በእጃቸው ያለውን ጥሬ ገንዘብ ቢቈጥሩት ሁሉም ተደምሮ 57 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆነ ይባላል። ወዳጆች ረዱአቸውና በ1942 በሳምተር አውራጃ 440 ኤከር የሚሆን መሬት ገዙ። ይህም በእኛ አገር ልክ አራት ጋሻ ተኩል ያህል ነው። መሬቱ ጎርፍ ያጠበው፣ ዛፍ የራቀው ነበር። ስሙንም ኮይኖኒያ አሉት። ቃሉ የጽርእ ቃል ነው፤ ትርጕሙ በግዕዝ ሱታፌ ከምንለው፣ በአማርኛም ኅብረት ወይም አንድነት ከምንለው ጋር ይገጥማል። በሐዋርያት ሥራ በሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ አማኞች ያላቸውን ሁሉ የጋራ አድርገው እንደ ኖሩ የተጻፈውን ለመከተል መፈለጋቸው ነበር። በአገራችን የአንድነት ገዳማትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች መነኮሳት ሳይሆኑ ባለ ትዳሮችና የልጆች አባቶች መሆናቸው፣ ከዓለምም ሸሽተው ሳይሆን በዓለሙ መካከል፣ ያውም ጎረቤቱ ዐይኑን አፍጥጦ በሚያይበት ቦታ መስፈራቸው ነው።

የእርሻ ዲግሪ ያለው ዶክተር ጆርዳን ሥራውን እንዴት እንደ ጀመረ ራሱ እየሳቀ ይናገረው ነበር። በየማለዳው ከኢንግላንድ ጋር በቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ጎረቤቶች የሚያደርጉትን ይመለከታሉ፤ ጎረቤቱ ሲያርስ ያርሳሉ፤ ጎረቤቱ ሲዘራ ይዘራሉ። በወረቀት የተማረውን በማሳ ለማወቅ የፈለገ የተማረ ሰው ከጣሪያ ላይ መጀመሩ የሚያሳፍር አይደለም። እንዲያውም በኋላ ወደ ኮይኖኒያ የመጣው ተለማማጅ ሁሉ የገባበትን በር መሥራቹ ራሱ አስቀድሞ ገብቶበታል ለማለት ይቻላል።

ኢንግላንድና ሚስቱ በ1944 ወደ ሚሲዮን ሥራቸው ተመለሱ፤ ጆርዳኖች ግን ቀሩ። ለጥቁር ሠራተኞች ከአገሩ ልማድ የተሻለ ደመወዝ ይከፍሉ ጀመር። የእንቍላል ዶሮ እርባታን በሰፊው አቋቁመው ለአካባቢው ገበሬዎች ዘዴውን አስተማሩ። ከሥራቸው ሁሉ እጅግ የምወደው ግን የላም ቤተ መጻሕፍት ብለው የሰየሙት ነው። ወተት የሌለው ድኻ ጎረቤት ከእርሻው የምትታለብ ላም ተውሶ ይወስዳል፤ ልጆቹ ወተት ይጠጣሉ፤ ላሚቱ ስትነጥፍ መልሶ ያስረክብና ሌላ የምትታለብ ይወስዳል። መጽሐፍ ተውሶ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ጎረቤቱን እምብዛም አላስቈጣም። የሚያስቈጣው ቀትር ላይ መጣ፤ በኮይኖኒያ ነጩም ጥቁሩም፣ ባለቤቱም ቅጥረኛውም በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጥ ነበር።

ገና ከመጀመሪያው ዓመታት በአንዱ ጥቂት ሰዎች ወደ እርሻው መጥተው፣ በዚህ አገር ከጥቁር ጋር በሚበላ ሰው ላይ ፀሓይ እንዳትጠልቅበት እናደርጋለን ሲሉ ጆርዳንን አስጠነቀቁት ይባላል። አነጋገሩ ሳይመሽ ጥፋ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጆርዳን ግን የተናጋሪውን እጅ ጨብጦ፣ ፀሓይን ሊያቆም የሚችል ሰው ለማየት ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ኖሬ ዛሬ አገኘሁ ብሎ ፈገግ አለ፤ እነርሱም ሳቁና ሄዱ። ፀሓይዋም እንደ ልማዷ ጠለቀች። በቀልድ የሚመለሰው ቍጣ ግን ለጊዜው ብቻ ነበር።

ጆርዳን ጥሩ ተናጋሪ ስለ ነበረ በየኮሌጁ እየተጠራ ይሰብክ ነበር። የሰሙት ተማሪዎች ነገሩን በዐይናቸው ለማየት በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ እርሻው መምጣት ጀመሩ። የበጎ ፈቃድ ተለማማጅነት ታሪክ በኮይኖኒያ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ነበሩ፤ ሞፈር ጨብጠው፣ ላም አልበው፣ የዶሮ ቤት ጠርገው የማያውቁ ናቸው። የሚያገኙት ምግብና ማደሪያ ነው። ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ አንዳንዶቹ ለመቅረት ስለ ፈለጉ የአገባብ ሥርዓት ወጣላቸው፤ መጀመሪያ ጀማሪ፣ ቀጥሎ የሙከራ አባል፣ በመጨረሻም ንብረቱን ሁሉ ትቶ የሚገባ ሙሉ አባል ይሆናሉ። በገዳም ረድእ ሆኖ እንደ ማገልገል ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን ጥቂት ጊዜ ቈይተው ይመለሱ ነበር፤ ስለ መመለሳቸውም የሚወቅሳቸው አልነበረም።

በ1950 ከሕንድ አገር የመጣ አንድ ተማሪ እርሻውን ሊጐበኝ መጣ። በአሜሪካ ገበሬዎች ቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ጸሎት ለማየት ስለ ፈለገ የኮይኖኒያ ሰዎች አባል ወደ ሆኑባት ወደ ሬሆቦት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ሄዱ። የቈዳው ቀለም ጠይም ነበረና ምእመናኑ ታወኩ። በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ በድምፅ ብልጫ የኮይኖኒያን ሰዎች ከአባልነት ሰረዘቻቸው። አንድ እንግዳ፣ ያውም ለአንድ ቀን ጸሎት የመጣ፣ ለዓመታት የተደበቀውን ነገር ገለጠው።

ከዚሁ ጋር የሚነገር ሌላ ነገር አለ፤ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በተለይ ይመለከተናል ብዬ ስለማምን አላልፈውም። ክላረንስ ጆርዳን ሮበርት የሚባል ወንድም ነበረው፤ ጠበቃ ነው፤ ወደ ፖለቲካም ለመግባት ያስብ ነበር። ክላረንስ ለኮይኖኒያ በሕግ ጕዳይ ጠበቃ እንዲሆንለት ወንድሙን ለመነው። ሮበርትም ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ያለኝን ሁሉ ላጣ እችላለሁና አልችልም አለው። ክላረንስ እኛም እኮ ያለንን ሁሉ ልናጣ እንችላለን ቢለው፣ የአንተ ነገር ሌላ ነው ሲል መለሰ። ክላረንስም ሁለታችንም በአንድ ቀን ለአንድ ጌታ ቃል ገብተናል፤ አንተ ግን የጌታ አድናቂ ነህ እንጂ ደቀ መዝሙሩ አይደለህም አለው ይባላል። ሮበርት ጆርዳን ከዓመታት በኋላ በጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን አድማጭ ራሱ ይመዝነው፤ በበኩላችን የሮበርትን ፍርሃት የማይረዳ ባለ ደመወዝ ይኖራል ብለን አንገምትም።

በ1954 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ዘርን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከፈረደ በኋላ የደቡቡ ክፍል ቍጣ ነደደ። በ1956 ጆርዳን ሁለት ጥቁር ተማሪዎች በአትላንታ ከተማ ወደሚገኝ የመንግሥት ኮሌጅ ለመግባት ያቀረቡትን ማመልከቻ ለመደገፍ መሞከሩ በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ዝምታው አበቃ። የዚያኑ ዓመት በጋ የነጭና የጥቁር ልጆች አብረው የሚማሩበት የዕረፍት ካምፕ ሊከፍቱ ቢሰናዱ፣ ለጤና ጥበቃ ተብሎ በፍርድ ቤት ታገደ፤ ልጆቹም ወደ ቴኔሲ ክፍለ ሀገር ተወስደው ካምፑ በሃይላንደር ትምህርት ቤት ተደረገ። በሐምሌ ወር በአውራ ጎዳናው ዳር ያለው የእርሻው የሽያጭ ሱቅ በድማሚት ተመታ፤ በጥር 1957 ደግሞ ፈጽሞ ወደመ። በየሌሊቱ ከመኪና እየተተኰሰ ጥይት በቤቶቹ ላይ ይዘንብ ጀመር፤ ልጆች በሚጫወቱበት ስፍራ ሳይቀር ጥይት አለፈ። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጮች ምስጢራዊ ማኅበርም መኪኖቹን አሰልፎ ወደ እርሻው ድረስ ዘለቀ።

ከጥይቱ ይልቅ የከፋው አድማው ነበር። ነዳጅ፣ መኖ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ የሚሸጥላቸው ጠፋ። እንቍላላቸውን የሚገዛ ስለ ታጣ በሺህ የሚቈጠሩ ዶሮዎቻቸውን ለመተው ተገደዱ። ባንኩ ብድር ከለከለ፤ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውላቸውን ሰረዙ። አድማውን ጥሶ የሸጠላቸው አንድ የመኖ መደብር በግንቦት 1957 በድማሚት ተመታ። የአውራጃው ግራንድ ጁሪ፣ ይኸውም ከነዋሪው ተመርጦ ወንጀልን የሚመረምረው ጉባኤ፣ በዚያው ዓመት ባቀረበው መግለጫ የኮይኖኒያ ሰዎች ከኮሙኒስቶች ጋር የተባበሩ ናቸው፤ ንብረታቸውንም ለዝናና ለጥቅም ሲሉ ያጠፉት ራሳቸው ናቸው እስከ ማለት ደረሰ። ድማሚት የጣሉት ሰዎች ግን ለፍርድ አልቀረቡም።

በዚህ ጊዜ ነው በጎ ፈቃደኞቹ ለሌላ ትምህርት የመጡት። ከሰሜኑ ክፍለ ሀገር ወዳጆች እየመጡ፣ ለሳምንትም ለወርም እየቈዩ፣ ቀን በሥራ ይረዳሉ፤ ሌሊት በእርሻው መግቢያ መብራት አብርተው ያለ መሣሪያ ዘብ ይቆማሉ። መሣሪያ አለመያዛቸው የማኅበሩ ሕግ ነበር። ከመጡትም አንዷ በኒው ዮርክ የካቶሊክ ሠራተኛ የተባለውን ጋዜጣና ማኅበር በ1933 ያቋቋመችው ዶረቲ ዴይ ናት። በ1957 በትንሣኤ በዓል ሰሞን መጥታ፣ ዕድሜዋ 59 ዓመት ሳለ፣ ከአንዲት ሌላ ሴት ጋር በመኪና ውስጥ ተቀምጣ በሌሊት ዘብ ስትጠብቅ ተተኰሰባቸውና መኪናቸው ተመታ። ሁለቱም ከጕዳት ተረፉ። ጉብኝቷ አጭር ነበር፤ ያየችውን ግን በጋዜጣዋ ጽፋ ለአንባቢዎቿ አደረሰች። የአጭር ጊዜ እንግዳ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው፤ ነዋሪው የሚጮኸው ጩኸት ከአጥር አያልፍም፤ እንግዳው ግን ሲመለስ ወሬውን ይዞት ይሄዳል።

አድማውን የሰበረው ዘዴም የመጣው ከዚሁ የወዳጆች መረብ ነው። በጆርጂያ ፒካን የሚባል ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ ይበቅላል፤ ጣዕሙ ከለውዝ ጋር ይቀራረባል። የኮይኖኒያ ሰዎች ፍሬውን እየፈለፈሉ፣ በማሸጊያ እያሸጉ፣ ኬክና ጣፋጭ እየሠሩ በፖስታ መሸጥ ጀመሩ። የአሜሪከስ ነጋዴ ሁሉ ቢያድም ፖስታ ቤቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ቴምብሩ እስከ ተለጠፈ ድረስ ጥቅሉን ተቀብሎ የመላክ ግዴታ አለበት። ላኪውን ወደድሁት ጠላሁት ሳይል ማኅተሙን የሚመታ ጸሓፊ ለአገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በማስታወቂያቸውም ላይ ቀለዱበት፤ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ፍሬና እብድ ሰው በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ ፍሬውን ከጆርጂያ እንድናስወጣ እርዱን ያሉት ቃል እብዶቹን ከጆርጂያ እንድናስወጣ እርዱን ተብሎም ይሰማል። ፍሬውን ለመፈልፈልና ለማሸግ በየመከሩ ብዙ እጅ ስለሚያስፈልግ በጎ ፈቃደኛው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ሳይቀምስ አልተመለሰም።

አሁን ግን ወደ ሌላው ወገን እንመልከት። ከሰሜን የመጣው ወጣት ሲበቃው ወይም ሲፈራ ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጥቁሩ ጎረቤት ግን ወዴት ይሄዳል? ከእርሻው ጋር የሚውል ጥቁር ሠራተኛ እንጀራውን ሊያጣ፣ ቤቱ ሊደበደብ ይችል ነበር። ስለዚህም በመከራው ጊዜ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ርቀው መቈየትን መረጡ፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። ታሪክ ጸሐፊዋ ትሬሲ ኬማየር በ1997 ባሳተመችው ጥናት የማኅበሩ ሁለት ዓላማዎች፣ ማለት የዘር እኩልነትና የጋራ ኑሮ፣ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ መኖራቸውን አሳይታለች። ሙሉ አባል ለመሆን ንብረትን መተው ያስፈልጋል፤ ይህም ንብረት ላየው ነጭ የነፍስ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ አንድ ክንድ መሬት በስሙ ተጽፎለት ለማያውቅ ሰው ግን፣ ንብረትን ተው ማለት ምን ማለት ነው? እርሱ የሚሻው የራሱ የሆነ መሬትና በዝናብ የማያፈስ ቤት ነው። ኮይኖኒያ ይህን ለመረዳት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት።

በ1960 የማኅበሩ ልጆች በአሜሪከስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ተከልክለው በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገቡ፤ ነጮች ልጆች ነበሩ፤ ነገር ግን የኮይኖኒያ ልጆች በመሆናቸው በክፍል ውስጥ የሚያናግራቸው አልነበረም። በ1956 ስድሳ ያህል ሰዎች ይኖሩበት የነበረው እርሻ በ1960ዎቹ መካከል ጥቂት ቤተ ሰቦች ብቻ ቀሩበት። ጆርዳን የቀሩትን ዓመታት በአንዲት ትንሽ ጎጆ ተቀምጦ አዲስ ኪዳንን ወደ ጆርጂያ ገበሬ አነጋገር ሲመልስ ቈየ። በትርጕሙ ቤተ ልሔምን የጆርጂያዋ ጌይንዝቪል፣ የጥንቱን ታሪክ ሁሉ የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የጥጥ አገር ታሪክ አድርጎ አቅርቦታል። እርሻውን ሸጦ መሄድንም ያስብ ነበር።

በታኅሣሥ 1965 ሚላርድ ፉለር የሚባል የአላባማ ተወላጅ፣ በንግድ ሚሊዮን ዶላር ያካበተ ጠበቃ፣ ትዳሩ ሊፈርስ ደርሶ ከሚስቱ ከሊንዳ ጋር ታርቆ፣ ሀብቱንም ለመስጠት ወስኖ ሲጓዝ፣ ወዳጁን ለመጠየቅ ወደ ኮይኖኒያ ጎራ አለ። ለሁለት ሰዓት ያህል ሊቈይ አስቦ አንድ ወር ሰነበተ። እንግዳ ሆኖ የገባው ሰው በሥራው መካከል ከጆርዳን ጋር ሲነጋገር ተማሪ ሆነ። በ1968 ተመልሶ መጣና ሁለቱ አዲስ ዕቅድ አወጡ። ማኅበሩ ከእንግዲህ ጎረቤቱን ንብረትህን ተው አይለውም፤ ይልቁንም ቤት እንዲሠራ ይረዳዋል። ከእርሻው መሬት ላይ 42 የቤት መሥሪያ ቦታዎች ተለኩ። ቤቱ ያለ ትርፍ ይሸጥለታል፤ ዋጋውን ያለ ወለድ በሃያ ዓመት ይከፍላል፤ የከፈለውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይውላል።

ጆርዳን የመጀመሪያው ቤት ተፈጽሞ ሳያይ በጥቅምት 29 ቀን 1969 በጽሕፈት ጎጆው ውስጥ ሳለ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። የአስከሬን መርማሪው ሹም ወደ እርሻው ለመምጣት እምቢ ስላለ ፉለር ሬሳውን በመኪና ጭኖ ወደ ከተማ ወሰደው። በለመደው የሥራ ልብሱ፣ በተራ የእንጨት ሣጥን፣ በእርሻው ኮረብታ ላይ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

ቤት መሥራት ሰው ይፈልጋል። በ1970ዎቹ ዓመታት ወጣቶች ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ኮይኖኒያ ጎረፉ፤ ለወራት እየቈዩ ግድግዳ ያቆማሉ፣ ጣሪያ ይከድናሉ፣ በመከር ፒካን ይለቅማሉ፣ በወጥ ቤት ተራቸውን ይገባሉ። ብዙዎቹ መዶሻ መያዝን የተማሩት ከሚሠራለት ጥቁር ጎረቤት ራሱ ነው። ባለ ቤቱ በራሱ ስም ርስት ሲጻፍለት፣ የኮሌጅ ተማሪው ደግሞ ሚስማር ሲጣመምበት፣ ሁለቱ በአንድ የግንብ መሰላል ላይ የተገናኙበት ጊዜ ነበር። በዚህ ሁኔታ ከመቶ የሚበልጡ ቤቶች ተሠርተዋል።

ፉለር በ1973 ቤተ ሰቡን ይዞ በዚያን ጊዜ ዛይር ወደምትባለው ወደ ኮንጎ ሄደና በምባንዳካ ከተማ ይህንኑ ዘዴ ሞከረ። ተመልሶም በ1976 ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለውን የቤት ሥራ ድርጅት አቋቋመ። ከኮይኖኒያ ብዙ በማትርቀው በፕሌንስ ይኖር የነበረው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1984 መዶሻ ይዞ ከሠራተኞቹ ጋር ከተሰለፈ በኋላ የድርጅቱ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በ1993 ወደ አገራችን ገብቶ ቤት መሥራት ጀምሯል። ሌሎች የኮይኖኒያ አባላት በ1979 በዚያው በጆርጂያ፣ ኮመር በምትባል ስፍራ ጁቢሊ ፓርትነርስ የተባለ ማኅበር መሥርተው ከየአገሩ የተሰደዱ ሰዎችን መቀበል ጀመሩ፤ እነርሱም የሚሠሩት በበጎ ፈቃደኞች እጅ ነው።

እርሻው ራሱ ግን ከዚያ በኋላ ተቸገረ። በ1993 የጋራ ገንዘቡ ቀረና ሥራው እንደ ማናቸውም የበጎ አድራጎት ድርጅት በደመወዝተኞች ይካሄድ ጀመር። ዕዳም ተከማቸ፤ ከመሬቱም ከፊሉ ተሸጠ። በ2005 አባላቱ ወደ ቀድሞው የማኅበር ኑሮ ለመመለስ ወሰኑ። የተለማማጅነቱም ደንብ ከዚያ ወዲህ በወጉ ተሰናድቶ፣ መጤው ለተወሰኑ ወራት በማኅበሩ ውስጥ እየኖረ እርሻውን፣ የከብት ጥበቃውን፣ የዳቦ መጋገሪያውን ሥራ ይለማመዳል፤ የማኅበሩን ታሪክና የጆርዳንን ጽሑፎች ያጠናል። ማለዳ በጸሎት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሥራ ነው፤ ቀትር ላይ ተለማማጁም፣ አባሉም፣ ያለፈ አግዳሚም በአንድ ገበታ ይቀርባል። በመጸው ጊዜ ደግሞ ፒካኑ ይረግፋል፤ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ በሣጥን ይታሸጋል፤ ሣጥኑም ከ1957 ጀምሮ እንደ ተለመደው ወደ ፖስታ ቤት ይወሰዳል።